«ልጄ ስታዲየም ልጨፍር ትለኛለች»

የደረሰኝን ደብዳቤ አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፤ 21 ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ዳንስ ነፍሷ ነው። ሃይስኩል እያለችም የትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ ነበረች፤ ያኔ ምንም አላልኩም። አሁን ግን ዳላስ ካውቦይስ የሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ቺርሊደር፣ ማለት ጨዋታ ላይ እየጨፈረች ተመልካቹን የምታሟሙቅ፣ ለመሆን እፈተናለሁ አለችኝ። ፎቷቸውን ስልኬ ላይ ከፍቼ አየሁና ክው አልኩ። ሆድ የተገለጠ፣ ቁምጣውም ቁምጣ የማይባል። አባቷ ከሰማ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ አያናግራትም። እኔ እዚህ አገር ሌሊት ሌሊት አረጋውያን እየተንከባከብኩ ነው ያሳደግኳት። ሰው ገላዋን ሳይሆን ጭንቅላቷን እንዲያይላት ነበር ምኞቴ። እሷ ግን ‹ማሚ፣ እዚያ ስቆም ጉልበት ነው የሚሰማኝ፤ አንቺ አይገባሽም› ትለኛለች። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይሄ ሥራ ሴትን ያከብራል ወይስ ያዋርዳል? ከተመረጠችስ ስታዲየም ሄጄ ልያት ወይስ ይቅርብኝ? ግራ የገባት እናት።»

እህቴ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ልጅዎ ራሷ መጥታ ነግራዎታለች። ተደብቃ መፈተን ትችል ነበር። 21 ዓመቷ ነው፤ የእናት ፊርማ የሚጠይቃት የለም። እሷ ግን ነገረችዎት። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ይህቺን በር እባክዎ አይዝጓት።

እውነቱን ንገሩኝ ብለዋልና እነግርዎታለሁ። እኔ ጭፈራው ሴትን ያዋርዳል ብዬ አላምንም። የሚያዋርደው ሌላ ነገር ነው።

ይህ ሥራ ሲጀመር የወንድ ነበር። ነገሩ የሆነው በ1898 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጆኒ ካምቤል የሚባል ተማሪ ጨዋታ ላይ ተነስቶ ተመልካቹን በአንድ ድምፅ አስጮኸው። ለብዙ ዓመታት ሥራው የተማሪ ወንዶች፣ ያውም የታዋቂዎቹ ነበር። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ቺርሊደር ነበሩ። ሬገንም ነበሩ። ትንሹ ቡሽም ነበሩ። ያኔ ሰው የሚለው «ይሄ ልጅ ሕዝብ መምራት ይችላል» ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ሲዘምቱ ሴቶች በብዛት ገቡበት። ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ያው ሥራ እንደ ጌጥ መታየት የጀመረው።

ወደ አገር ቤት ደግሞ ይምጡ። አዲስ አበባ ስታዲየም ደጋፊውን የሚመራው ሰውዬ አስጨፋሪ ይባላል። ድምፁ እስኪዘጋ ይጮኻል፣ ይዘላል፣ ላቡ ይንቆረቆራል። እሱን ተዋረደ ያለው ሰው ሰምተው ያውቃሉ? እኔ አልሰማሁም።

ይህን ስል ልብሱ ምንም አይደለም እያልኩዎት አይደለም። አሁን የሚያዩት ዓይነት ቡድን ዳላስ ውስጥ የተጀመረው በ1972 ነው። ከዚያ በፊት የካውቦይስን ተመልካች የሚያስጮኹት የሃይስኩል ወንዶችና ሴቶች ነበሩ። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ቴክስ ሽራም እነሱን ትቶ የሠለጠኑ ዳንሰኞች አስመጣ፣ አለባበሱንም ለወጠው። ሰውየው ስለ ትዕይንትና ስለ ቴሌቪዥን ነበር የሚያስበው። ያ ልብስ ለዓይን ተብሎ የተሰፋ ነው። እርስዎ ሲደነግጡ ያልተማረ ወይም ኋላ ቀር ሰው ሆነው አይደለም፤ ልብሱ የሚናገረውን ነው የሰሙት። ልጅዎም «አይገባሽም» ስትልዎት ይህንን አብራ ልታስብበት ይገባታል።

ግን ልብሱ ላይ ብቻ ከቆምን ዋናው ነገር ያመልጠናል። ዋናው ነገር ገንዘቡ ነው።

በጥር 2014 ኦክላንድ ሬይደርስ የሚባል የካሊፎርኒያ ፉትቦል ቡድን አንዲት ጨፋሪ ቡድኑን ከሰሰች። ለአንድ ጨዋታ የሚከፈላት 125 ዶላር ነበር። የዓመቱ ሲደመር 1,250 ዶላር። እሱም የሚሰጣት የጨዋታው ዘመን ካለቀ በኋላ ነው። ልምምዱ፣ ለበጎ አድራጎት መታየቱ፣ ለካላንደር ፎቶ መነሳቱ ለብቻው አይከፈልበትም። ዕቃ ረስታ ወይም አርፍዳ ከመጣች ደግሞ ትቀጣለች። ሰዓቱ ሁሉ ሲታሰብ በሰዓት ከ5 ዶላር በታች ያገኛታል። ያኔ የካሊፎርኒያ ዝቅተኛ ደመወዝ 8 ዶላር ነበር። ስታዲየሙ በር ላይ ቢራ የሚሸጠው ልጅ ከእሷ ይሻላል ማለት ነው። ነገሩ በመጨረሻ በ1.25 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። በዚያው ዓመት የሲንሲናቲ፣ የቡፋሎ፣ የታምፓና የኒውዮርክ ጄትስ ቡድኖች ጨፋሪዎችም ተከታትለው ከሰሱ።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። እነዚህን ሴቶች ከስታዲየሙ ይውጡ ብሎ የታገለላቸው አልነበረም፤ ይከፈለን ብለው የታገሉት ራሳቸው ናቸው። ሎሬና ጎንዛሌዝ የምትባል የካሊፎርኒያ ምክር ቤት አባል ጉዳዩን ይዛ ተነሳች። እሷም ስታንፎርድ ስትማር ቺርሊደር ነበረች። በ2015 ሕጉ ወጣ፤ ከ2016 ጀምሮ በዚያ ግዛት የሙያ ቡድን ቺርሊደር ሙሉ ሠራተኛ ናት፣ የሠራተኛ መብት ሁሉ አላት። ጭፈራዋን ግን አልነኩባትም።

ወደ እርስዎ ከተማ ልምጣ። በ2018 አንዲት የካውቦይስ ጨፋሪ ስትከስ የሰዓት ክፍያዋ 8 ዶላር እንደነበር ታወቀ። በክሱ ላይ እንደተጻፈው፣ የአሻንጉሊት ጭንብል አድርጎ ሜዳ ላይ የሚሮጠው ሰው በዓመት 65,000 ዶላር ያገኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ክፍያው ትንሽ ተስተካከለ። በ2024 ኔትፍሊክስ ስለ ጨፋሪዎቹ ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ሲያወጣ፣ የቡድኑ ባለቤት ልጅና ኃላፊ የሆነችው ሻርለት ጆንስ ብዙ እንደማይከፈላቸው፣ እነሱም ለገንዘብ ብለው እንደማይመጡ ተናገረች። በዚያ ዓመት ፎርብስ የተባለው የንግድ መጽሔት ቡድኑን ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው የገመተው።

እህቴ፣ እኔን ያበገነኝ ያ ንግግር ነው። «ለፍቅር ነው የሚመጡት።» ይሄንን ቋንቋ እኔና እርስዎ እናውቀዋለን። ሠርግ ሲደገስ ሴቶቹ ሦስት ቀን ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ዶሮ ይበልታሉ፣ እንቅልፍ የለም። ሁሉም ሲበላ «ባለሙያ ናት!» ይባልላታል። ሙያዋ ተመሰገነ፣ ድካሟ ተረሳ። የሚሠሩበት የአረጋውያን ቤትስ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ተብለው ትርፍ ሰዓት ሳይጻፍልዎት ቀርቶ አያውቅም? ሴትን በክብር ስም በነፃ ማሠራት የአሜሪካ ፈጠራ አይደለም።

አንድ ያየሁትን ላጫውትዎት። አዲስ አበባ እያለሁ አንድ የባህል ምግብ ቤት የምትጨፍር ልጅ ጎረቤቴ ነበረች። የጎጃሙን፣ የትግራዩን፣ የጉራጌውን፣ ሁሉንም በአንድ ምሽት ትጨፍራለች። የሀበሻ ቀሚስ ነው የምትለብሰው፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የተሸፈነች። እስክስታ ስትወርድ እንግዳው ይነሳና ግንባሯ ላይ ብር ይለጥፍላታል። አንድ ቀን ጠዋት ቡና ስንጠጣ «የትናንቱ እንዴት ነበር?» አልኳት። ሳቅ አለችና ግንባሯን በእጇ ጠራረገች። «ብሩ እኮ የቤቱ ነው። ሽልማት ሲበዛ አንድ ልጅ ከኋላዬ ሆኖ እየለቀመ ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። እኔ የወሩን ብቻ ነው» አለችኝ። ቤቷ ስትገባ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። ታክሲ ራሷ ትከፍላለች። አከራይዋ ደግሞ «አዝማሪ ናት» ብላ ሳሎኗ አታስገባትም። ይህቺ ልጅ ሙሉ ልብስ ለብሳም ተዋርዳለች። ያዋረዳት ትከሻዋ አይደለም። ጭፈራዋን እየወደደ እሷን የሚንቅ ሰው፣ ብሯንም ከግንባሯ ላይ የሚለቅም ቤት ነው።

ለዚህ ነው ልጅዎ ይዛ የምትመጣውን ውል ለማየት የምቸኩለው።

ደግነቱ የዳላሶቹ ዝም አላሉም። በፊልሙ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ እንደታየው እርስ በርስ ተመካከሩ፣ ክፍያው እንዲስተካከል ጠየቁ፣ ተቀምጠው ተከራከሩ። በ2025 ክፍያቸው 400 በመቶ ያህል እንደተጨመረ ተነገረ። 400 በመቶ! አንድን ደመወዝ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ማሳደግ ከተቻለ ድሮ ስንት ሲቀርባቸው እንደኖረ ያስቡት። ያም ሆኖ የጤና መድን በዚያ ስምምነት ውስጥ አልገባላቸውም። ይሄ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ሥራው አጥንት ይሰብራል። በመስመር ተያይዘው እግራቸውን ከራሳቸው በላይ ያነሳሉ፤ ከዚያ ዘልለው እግራቸው ግራና ቀኝ ተዘርግቶ መሬት ላይ ያርፋሉ። ቪዲዮውን አንዴ ቀስ አድርገው ይዩት። በፊልሙ ላይ ገና በሃያዎቹ ሳለች ዳሌዋን ቀዶ ጥገና የተደረገች አለች።

ሌላው የሚያዋርደው ነገር ደንቡ ነው። የቡፋሎ ጨፋሪዎች በክሳቸው እንደተናገሩት፣ እየዘለሉ ሥጋቸው ይንቀጠቀጥ እንደሆነ በዓይን ይፈተሹ ነበር። እንዴት እንደሚታጠቡ ሳይቀር በጽሑፍ ተሰጥቷቸው ነበር። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ በ2018 አንዲት ጨፋሪ ኢንስታግራም ላይ ባወጣችው ፎቶ ተባረረች። ምግብ ቤት ተቀምጣ የቡድኑ ተጫዋች ከገባ ተነስታ መውጣት ያለባት እሷ ነበረች። ተጫዋቹን ውጣ የሚለው የለም። ሜዳ ላይ ለሚሊዮኖች እንድትታይ ያለበሷት ሰዎች፣ በራሷ ስልክ ራሷን ስታሳይ ቀጧት። ገላዋን ማሳየቷ ሳይሆን ራሷ መወሰኗ ነው የከነከናቸው።

ከሁሉ የከፋውን ደግሞ ልንገርዎት። በ2013 የዋሽንግተን ቡድን ጨፋሪዎች ለካላንደር ፎቶ ወደ ኮስታሪካ ተወሰዱ። ከመካከላቸው የተወሰኑት ከአምስት ዓመት በኋላ ለኒውዮርክ ታይምስ እንደተናገሩት፣ እንደደረሱ ፓስፖርታቸው ተሰበሰበ። ፎቶው ሲነሳ የቡድኑ ስፖንሰር የሆኑ ወንዶች ተጋብዘው ያዩ ነበር። ማታ ደግሞ የተመረጡት ሴቶች ከእነዚያ ወንዶች ጋር ጭፈራ ቤት እንዲሄዱ ተነገራቸው። «ፓስፖርታቸው ተሰበሰበ» የሚለው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ቤይሩትና ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እህት፣ አክስት ወይም የሰፈር ልጅ ያለው ሁሉ ይህቺን አረፍተ ነገር ያውቃታል። አንዷ በቦት ጫማ፣ አንዷ በመጥረጊያ። ፓስፖርቷን የያዘው ሰው ግን አንድ ዓይነት ሰው ነው።

እና ልጅዎስ? «ጉልበት ይሰማኛል» ስትል እመኗት። ውሸቷን አይደለም። በሺህ ከሚቆጠሩ ሰዎች ፊት ቆሞ በሠለጠነ ገላ አንድም እንቅስቃሴ ሳይስቱ መጨረስ ትልቅ ነገር ነው። ይህንን ችሎታ ያመጣችው ለዓመታት ላቧን አፍስሳ ነው። ከእነዚህ ጨፋሪዎች ብዙዎቹ ቀን ቀን ነርስ፣ አስተማሪ፣ ተማሪ ናቸው። በ2018 ሎስ አንጀለስ ራምስ የሚባለው ቡድን ሁለት ወንድ ዳንሰኞችን ከሴቶቹ እኩል ሲያሰልፍ፣ ሙያው የፆታ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ብዙ ሰው ያኔ ነው የገባው። ግን የሚሰማት ጉልበት ከሜዳው ስትወጣም አብሯት መውጣት አለበት። ሜዳ ላይ ንግሥት፣ ቢሮ ውስጥ አፏን የማትከፍት ከሆነች ጉልበቱ የልብሱ ነበር ማለት ነው።

አሁን ምን ያድርጉ? አንድ ቀን ማታ እረፍት ሲሆኑ ቡና አፍልተው ቁጭ በሉ። መጀመሪያ እርስዎ ይናገሩ፤ ግን «ሰው ምን ይላል» ብለው አይጀምሩ። ይህቺን ከአፍዎ ስትሰማ ጆሮዋን ትዘጋለች። የፈሩትን ይንገሯት። «ሌሊት ሌሊት የሠራሁት ሰው ጭንቅላትሽን እንዲያይልሽ ነበር» ያሉኝን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ይበሏት። ያቺ አረፍተ ነገር እውነት ናት፤ ልጅዎም ልትሰማት ይገባል። ከዚያ «እስኪ የምትጨፍሪውን አሳዪኝ» ይበሏት። ሳሎኑ ቢጠብም ሶፋውን ገፋ አድርጋችሁ። ልጅዎ ስትጨፍር ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ ያዩዋት መቼ ነው?

ቀጥሎ ጥያቄ ይጠይቋት። ልምምዱ በሰዓት ይከፈላል ወይ? ከጨዋታ ውጭ ዝግጅት ላይ ስትቆም ስንት ነው? ብትጎዳ ሐኪሙን የሚከፍለው ማን ነው? ፎቶዋ ካላንደርና ማስታወቂያ ላይ ሲወጣ ድርሻ አላት? የኪሎ ደንብ አለ? አንድ ስፖንሰር እጁን ወገቧ ላይ ቢያደርግ ለማን ትናገራለች፣ ከተናገረችስ በኋላ ምን ይደርስባታል? የመጨረሻዋን ጥያቄ ዓይኗን እያዩ ይጠይቋት። ለዚህ ሁሉ መልስ ከሌላት «አትሄጂም» አይበሏት። «ጠይቀሽ ነይ» ይበሏት። የምትጠይቅ ሴት ናት በቀላሉ የማትዋረደው። ቴክሳስ የካሊፎርኒያው ዓይነት ሕግ የለውም። የዝቅተኛው ደመወዝ ልክም የፌዴራሉ 7.25 ዶላር ነው። ስለዚህ ውሉ ሲመጣ ቁጭ ብላችሁ እያንዳንዱን ገጽ አንብቡት፤ ካልገባችሁ ለጠበቃ አሳዩት። የአንድ ሰዓት ክፍያ ቢጠይቃችሁም ይክፈሉ።

ትምህርቷን ደግሞ በፍጹም አታቋርጥ። በዚህ እኔም እንደ እርስዎ ግትር ነኝ። እዚያ ቡድን ውስጥ የከረመችውም በየዓመቱ እንደ አዲስ ትፈተናለች። ዘንድሮ ገብታ ለከርሞ ልትቀር ትችላለች። ዲግሪውን ግን ማንም እንደገና አይፈትናትም።

የአባቷ ነገር። ሁለት ሳምንት ዝም ያለ አባት የተቆጣ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የፈራ ነው። እሱ የሚያስበው ስታዲየም ውስጥ የተቀመጡትን ወንዶች ዓይን ነው። ወንድ ስለሆነ ያን ዓይን ያውቀዋል። ይህንኑ ለልጁ በራሱ አፍ ቢነግራት ከዝምታው ይሻላል። ዝም ሲላት የምትማረው «ስትወስኚ ብቻሽን ነሽ» የሚለውን ነው። አንድ ቀን የሆነ ሰው እጁን ቢሰነዝርባት ቤት ደውላ እንዳትነግረው የሚያደርጋት ያ ትምህርት ነው። እባክዎ እንዲህ ብለው ይንገሩት፤ ከእኔ ነው ይበሉት።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይንሾካሾካል። ይንሾካሾክ። በሐምሌ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ሲደርስ ሙዚቃ ተከፍቶ ሌሊቱን የሚጨፍረው ያው ሰው ነው።

ምናልባት አትመረጥ ይሆናል። በየዓመቱ ከሚመጡት ብዙዎች መካከል የሚቀሩት 36 ያህል ናቸው። ያኔም አልቅሳ ስትመጣ «ብዬሽ ነበር» አይበሉ። እንዲያውም በሯን ከፍተው ገብተው አልጋዋ ጫፍ ላይ ይቀመጡ።

ከተመረጠች ግን፣ ጠይቀውኛልና፣ አዎ፣ ይሂዱ። ስታዲየሙ ያለበት አርሊንግተን ሩቅ አይደለም። ነጠላዎን ይልበሱ። እሷ ከሜዳ ቀና ስትል ነጩን ከሩቅ ትለየዋለች። የእጅ ቦርሳዎን ብቻ ቤት ይተዉት፤ ከትንሽዬ የእጅ ዋሌት በቀር ውስጡ የማይታይ ቦርሳ አያስገቡም። ከዶላር ሱቅ አንድ ውስጡን የሚያሳይ ፕላስቲክ ቦርሳ ይግዙና ቁልፍዎንና ስልክዎን እዚያ ይክተቱ። ዳቦም ከጋገሩላት ዳቦውን መኪና ውስጥ ያስቀምጡት፤ ጨዋታው ሲያልቅ አብራችሁ ትበላላችሁ።